«ሲንግል» ሲሉሽ የትኛውን ሲንግል?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ቦሌ አካባቢ አንድ ሆቴል ባር ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። አንድ የውጭ እንግዳ ‹ሲንግል ሞልት፣ ኒት› ሲለኝ ነጠላ መለኪያ ውስኪ በበረዶ ሰጠሁትና ሳቀብኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ‹ኮፊ ግሬን› የሚል ጠርሙስ አይቼ የቡና ጣዕም አለው ብዬ ለእንግዳ አስረዳሁ። ጠርሙስ ላይ የሚጻፉትን ቃላት በቀላል አማርኛ የሚነግረኝ አለ? በየአገሩ ያለውን መጠጥስ? አንዱ ራኪ ይለኛል፣ አንዱ ባይጁ፣ አንዱ ደግሞ ‹የአገርሽን ባህላዊ መጠጥ አቅምሺኝ› ይላል።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። እኔም ባንኮኒ ጀርባ መቆም የጀመርኩት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ ከዚያ ዱባይ ሄጄ በሆቴል ባሮች ብዙ ዓመት ሠራሁ። እዚያ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አሜሪካዊ «ማርቲኒ፣ አፕ» አለኝ። አፕ ወደ ላይ አይደል? ብርጭቆውን እስከ አፉ ጢም አድርጌ ሞላሁለት። ሰውየው ሳያፈስ ማንሣት አቅቶት ጎንበስ ብሎ ከባንኮኒው ላይ ፉት አለ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል። «አፕ» ማለት በበረዶ አቀዝቅዘሽ፣ በረዶውን አስቀርተሽ፣ እግር ባለው ብርጭቆ መስጠት ነው። ይኸው ነው።

ያንቺም ስህተት የመጠጥ ሳይሆን የቃል ነው። እኛ አገር ባር ውስጥ ሲንግልና ደብል የልክ ስም ናቸው። ልጅ ሆነሽ ጀምሮ የሰማሽው እሱን ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ሲንግል ግን ስለ ልክ አያወራም። «ይህ ውስኪ የተመረተው በአንድ ፋብሪካ ብቻ ነው» ማለት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ከ140 በላይ የውስኪ ፋብሪካዎች አሉ። ከሁለተኛ ፋብሪካ አንድ ጠብታ ከገባበት ሲንግል መባሉ ይቀራል። ከአንድ ፋብሪካ እስከሆነ ድረስ ግን መቶ በርሜል ቢቀላቀልም ሲንግል ነው። ከአንድ በርሜል ብቻ የተቀዳው ሌላ ስም አለው፣ «ሲንግል ካስክ» ይባላል።

ሞልት ደግሞ ብቅል ነው። በቃ፣ እናትሽ ለጠላ የምታበቅለው ያው ብቅል። ገብሱን ትዘፈዝፊዋለሽ፣ በኮባ ጠቅልለሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ጎንቆል ሲያወጣ ታደርቂዋለሽ። እህሉ ሲበቅል በውስጡ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር የሚቀይር ነገር ይፈጥራል፤ ስኳር ከሌለ ደግሞ የሚብላላ ነገር የለም። ስኮትላንዶችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ጌሾ የላቸውም፣ እርሾ ይጨምራሉ። ድፍድፋቸውን ያብላላሉ፣ እንደ ማሰሮ ባለ ትልቅ የመዳብ ጋን ያፈላሉ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዘው ይቀበላሉ። አብዛኞቹ ሁለቴ ያወጡታል። ሁለቴ የወጣ አረቄ እኛ ምን እንለዋለን? ዳግም። እዚህ ድረስ የስኮትላንዱ ሰውዬና አረቄ የምታወጣው እናት አንድ ሥራ ላይ ናቸው። ከጋኑ የሚወጣውም እንደ ውሃ ነጭ ነው።

የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። አረቄው በማግስቱ ይጠጣል። ስኮትላንዱ ግን ኦክ ከሚባል ዛፍ በተሠራ በርሜል ውስጥ ይተኛል፤ በርሜል ስልሽ የብረቱን አታስቢ። ሕጉ ቢያንስ 3 ዓመት፣ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ በርሜል ይላል። ቀለሙም፣ የቫኒላ የመሰለው ሽታም፣ ለስላሳነቱም የሚመጣው ከእንጨቱ ነው። በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ የሚሆነው በእንጨቱ ቀዳዳ ተንኖ ይጠፋል፤ እነሱ «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። በሙቅ አገር መላእክቱ በጣም ይጠጣሉ፣ ለዚህ ነው የህንዱ አምሩት በጥቂት ዓመት የሚደርሰው።

አሁን ዋናው ነገር። ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው ቃል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሕግ ያለው ቃል ነው፣ ከዋሸ ፋብሪካው ይከሰሳል። ሌላው ማስታወቂያ ነው። ሥራሽ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው፣ የቀረው በልምድ ይመጣል። ስኮትላንድ ላይ ሲንግል ሞልት፣ ሲንግል ግሬን፣ ብሌንድድ ሞልት፣ ብሌንድድ ግሬን፣ ብሌንድድ የሚሉት አምስቱ በ2009 ደንብ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) ትርጉማቸው ተቆርጦ የተቀመጠ ነው። የዕድሜ ቁጥርም እንዲሁ ሕግ ነው። ሪዘርቭ፣ ጎልድ፣ ሬር፣ ፕሪሚየም የሚሉት ግን ቆንጆ ቃላት ናቸው። መጥፎ ናቸው አላልኩም፣ ግን ምንም ቃል አይገቡልሽም።

የዕድሜ ቁጥሩን በደንብ ያዢው፣ እንግዶች ብዙ የሚከራከሩበት እሱ ነው። 12 የሚለው አማካይ አይደለም። ውስጡ ካሉት ሁሉ ትንሹ 12 ዓመት ሞልቶታል ማለት ነው። የ30 ዓመት ውስኪ ውስጥ አንድ ማንኪያ የ5 ዓመት ከጨመርሽ ጠርሙሱ ላይ 5 ነው የምትጽፊው። ዕድሜ ደግሞ የሚቆጠረው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። አጎትሽ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቡፌ ውስጥ ያስቀመጠው ባለ 12 ዓመት ዛሬም ባለ 12 ዓመት ነው። ጠርሙስ ውስጥ አያረጅም፣ ቡፌው ነው ያረጀው።

ጆኒ ወከርን እንውሰድ፣ አዲስ አበባ ላይ እሱን ያላየ የለም። ቀዩ ዕድሜ አይጽፍም። ጥቁሩ 12 ነው። አረንጓዴው 15 ነው፣ ደግሞም ብሌንድድ ሞልት ነው፣ ማለትም ከተለያዩ ፋብሪካዎች የመጣ የብቅል ውስኪ ብቻ ነው ያለበት። ጎልድ ሪዘርቭ ዕድሜ የለውም። ብሉም ዕድሜ የለውም። «ብሉ 25 ዓመት ነው» ብሎ ጠረጴዛ የሚደበድብ ደንበኛ ይመጣብሻል። አትከራከሪው፣ ጠርሙሱን አዙረሽ ስጪው፣ ቁጥሩን ፈልጎ ይጣው።

ብሌንድድ የሚለው ቃልም አማርኛችን ውስጥ ስም ጠፍቶበታል። «የተቀላቀለ» ሲባል «የተበረዘ» የሚመስለን ብዙ ነን። ብሌንድ ማለት የብቅል ውስኪና የግሬን ውስኪ በአንድ ላይ ማለት ነው፣ ግሬን የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው ከስንዴ ወይም ከበቆሎ በረጅም የዓምድ ማውጫ የሚወጣውን ቀለል ያለውን ነው። በርበሬ የምታዘጋጅ እናት አሥራ ምናምን ቅመም ስትቀላቅል በረዘች ይባላል እንዴ? በዓለም የሚሸጠው የስኮትላንድ ውስኪ አብዛኛው ብሌንድ ነው። ሲንግል ሞልት በዓለም ገበያ ላይ በሰፊው መተዋወቅ የጀመረው ግሌንፊዲክ የሚባለው የስኮትላንድ ፋብሪካ ከ1963 ጀምሮ ወደ ውጭ መላክ ሲጀምር ነው። ለኔ ጥሩ ብሌንድ ከመጥፎ ሲንግል ሞልት ይሻለኛል፣ ይሄ ግን የኔ አፍ ነው።

እዚህ ላይ ያንቺ «ኮፊ ግሬን» ይገባል። ስሙ የቡና አይደለም፣ የሰው ነው። ኢንየስ ኮፊ የሚባል አየርላንዳዊ የቀረጥ ሹም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አረቄ አውጪዎችን ሲቆጣጠር ኖሮ በ1830 ራሱ ማውጫ ፈጠረ። የእሱ ማሽን እንደ ማሰሮው እያፈሉ፣ እያጠቡ፣ እንደገና እየሞሉ አይደለም፤ በአንድ በኩል ድፍድፍ ይገባል፣ በሌላው ሳያቋርጥ አልኮል ይወጣል። አየርላንዶቹ «ይሄ ጣዕም የለውም» ብለው ናቁት። ስኮትላንዶቹ ወሰዱት፣ ብሌንድ ሠሩበት፣ ዓለምን ገዙበት። በ1860ዎቹና 70ዎቹ ደግሞ አንድ ተባይ የፈረንሳይን ወይን ሲያወድመው ከወይን የሚወጣው ብራንዲ ጠፋ፣ ቦታውን ውስኪ ያዘ። አየርላንዶቹ የተጸጸቱት በጣም ዘግይተው ነው። አንቺ ያየሽው ጠርሙስ የጃፓኑ የኒካ ይመስለኛል፣ በዚያ በኮፊ ማሽን የወጣ ስለሆነ ስሙን ጽፈውበታል። የኒካ መሥራች ማሳታካ ታኬትሱሩ በ1918 ስኮትላንድ ሄዶ ሙያውን የተማረ ሰው ነው። በ1923 ለተጀመረው ያማዛኪ ፋብሪካ ሠራ፣ በ1934 የራሱን አቋቋመ። ቡና ነው ያልሽው ሰውዬ ተመልሶ ከመጣ ይህን ታሪክ ንገሪው፣ ይቅር ይልሻል።

አንዳንዱ ውስኪ ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል። እንግዳው «ፒቲ» የሆነ ስጪኝ ካለሽ ያንን ነው። ፒት ረግረግ ላይ የሚቆፈር፣ ለሺህ ዓመታት ሣርና ቅጠል በስብሶ የተጠራቀመበት ነገር ነው። ቆርጠው ሲያደርቁት እንደ ኩበት ይነዳል። ብቅሉን በእሱ ጭስ ያደርቁታል፣ ጭሱ እህሉ ላይ ይቀራል፣ እስከ ጠርሙሱ ይከተላል። እኛ የጠላውን ጋን በወይራ እንደምናጥነው አስቢው፤ እኛ ዕቃውን እናጥናለን፣ እነሱ እህሉን። አይላ የምትባል ደሴት በዚህ ትታወቃለች፦ ላፍሮይግ፣ አርድቤግ፣ ላጋቩሊን። ለመጀመሪያ ጊዜ ውስኪ ለሚጠጣ ሰው ላፍሮይግ አትስጪ። አዮዲን አዮዲን ይላል፣ «ክሊኒክ ውስጥ አስገባሽኝ» ይልሻል።

ወደ አሜሪካ እንለፍ። ቦርቦን ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ነው፣ የሚተኛውም ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ነው። አዲስ የሚለውን ልብ በዪ። በርሜሉን ለቦርቦን ሁለተኛ መጠቀም አይቻልም። ታዲያ አሮጌው የት ይሄዳል? ስኮትላንድ። ዛሬ አብዛኛው የስኮትላንድ ውስኪ የሚተኛው አሜሪካኖች ተጠቅመው በሸጡት በርሜል ነው። ቦርቦን ኬንታኪ ብቻ ነው የሚሠራው የሚል ወሬም አለ፤ አሜሪካ ውስጥ እስከሆነ ድረስ የትም ይሁን ቦርቦን ነው። ጃክ ዳንኤል ከቴነሲ ነው፣ በርሜል ከመግባቱ በፊት በሜፕል ዛፍ ከሰል ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ይጣራል። ጃክን ሙያውን ያስተማረው ኒረስት ግሪን የሚባል በባርነት ተይዞ የነበረ ጥቁር ሰው ነው። ይህ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ብዙም ሳይነገር ቆይቶ ነው አሁን በሰፊው የሚወራው።

እዚህም የሲንግል ዓይነት ወጥመድ አለ። «ስትሬት» ጠርሙስ ላይ ከተጻፈ ቢያንስ 2 ዓመት የተኛ፣ ቀለምም ጣዕምም ያልተጨመረበት ማለት ነው። እንግዳ በአፉ «ስትሬት» ካለሽ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳትጨምሪ ስጪኝ ማለቱ ነው። «ቦትልድ ኢን ቦንድ» የሚለው ከ1897 ጀምሮ ያለ የሕግ ቃል ነው፦ አንድ ፋብሪካ፣ አንድ የምርት ወቅት፣ ቢያንስ 4 ዓመት፣ 50 በመቶ አልኮል። በዚያ ዘመን ነጋዴው አልኮል ላይ ትምባሆና ቀለም ጨምሮ ውስኪ ነው እያለ ይሸጥ ስለነበር ነው ሕጉ የወጣው። «ስሞል ባች» ግን ማስታወቂያ ነው፣ ትንሽ ማለት ስንት እንደሆነ የወሰነ ሕግ የለም። «ፕሩፍ» የሚለውን ለሁለት አካፍዪው፣ 100 ፕሩፍ 50 በመቶ ነው። ይሄ የአሜሪካኑ ነው፤ ድሮ እንግሊዞች በሌላ ስሌት ይቆጥሩ ስለነበር አሮጌ የእንግሊዝ ጠርሙስ ላይ 70 ፕሩፍ ብታዪ 40 በመቶ ነው። ውስኪ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ አጻጻፉም ይለያያል፣ አየርላንድና አሜሪካ አንድ ፊደል (e) ይጨምራሉ፣ ስኮትላንድና ጃፓን አይጨምሩም። እኛ ሁሉንም ውስኪ ብለን ተገላግለናል።

የአየርላንዱን ባጭሩ፦ ብዙዎቹ ሦስቴ ይወጣሉ፣ ስለዚህ ይለሰልሳሉ። «ሲንግል ፖት ስቲል» ካለ ደግሞ የበቀለም ያልበቀለም ገብስ ተቀላቅሎበታል። ድሮ ብቅል ላይ ቀረጥ ሲጣልባቸው ያልበቀለውን ጨምረው ቀረጡን አመለጡ፣ ጣዕሙን ወደዱት፣ ቀረ።

አሁን ሲያዙሽ የሚሉት። ኒት ማለት ከጠርሙስ ወደ ብርጭቆ፣ በረዶ የለ፣ ውሃ የለ። ኦን ዘ ሮክስ በበረዶ። ስፕላሽ ጠብ የምታደርጊው ውሃ ነው፣ ብርጭቆውን አትሙዪው። ቼዘር ወይም ባክ ካለሽ ከጎኑ የሚጎነጨውን ሌላ ነገር ነው የጠየቀሽ። ሃይቦል ረጅም ብርጭቆ፣ በረዶ፣ ውስኪ፣ ሶዳ። ጃፓኖች ይህን በጣም ይወዱታል። «ሚዙዋሪ» ካሉሽ ከሶዳው ይልቅ ንጹሕ ውሃ አድርጊበት። «ካስክ ስትሬንግዝ» የሚል ጠርሙስ ከሆነ ውሃ ሳይጨመርበት ከበርሜሉ እንዳለ የወረደ ነው፣ 55ም 60ም በመቶ ሊሆን ይችላል፤ እንግዳው ባያዝም ውሃ በትንሽ ማንቆርቆሪያ ከጎኑ አስቀምጪ። ልኩንም ቤትሽን ጠይቂ። እንግሊዝ አገር ሲንግል በሕግ 25 ወይም 35 ሚሊ ነው፣ አሜሪካ ወደ 44 ሚሊ ይቀዳሉ። ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ «እዚህ አጭበረበሩኝ» ሲልሽ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ጠርሙስ ሲያልቅ ቢያንስ ሌብሉን ቅደጂው። ድሮ የሠራሁበት አንድ ቤት ባዶ ጠርሙሶቹን ለገዢ ይሸጥ ነበር። ገዢው ምን እንደሚያደርግባቸው የገባኝ፣ ያው ጠርሙስ ሌላ ነገር ተሞልቶ በሌላ በር ሲመለስ ነው። ሜታኖል ያለበት መጠጥ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል፣ በምላስም አይለይም።

ወደ ራኪው እንምጣ፣ እዚህ ጋ እኛ እንግዳ አይደለንም። «ዐረቅ» በአረብኛ ላብ ማለት ነው። እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል ላብ ይመስላላ። ከዚያ ቃል የቱርኩ ራኪ፣ የሊባኖሱ አራክ፣ የሱዳኑ የተምር ዐረጊ፣ የኛም አረቄ መጡ። ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን ሁሉም አንድ አይደሉም። ራኪና አራክ ብዙውን ጊዜ ከወይን የሚወጡ፣ አኒስ የሚባል ቅመም ያለባቸው ናቸው፤ የግሪኩ ኡዞም ያው የአኒስ ነው። የኛ አረቄ ከእህል ነው፣ አኒስ የለውም። (እግረ መንገዴን፦ አልኮል የሚለው ቃል ራሱ የመጣው «አል ኩሕል» ከሚለው አረብኛ ነው፣ እኛ ዓይናችንን የምንኳለው ኩል። መጀመሪያ የደቀቀ ዱቄት ስም ነበር፣ ቆይቶ የጠራ የነጠረ ነገር ሁሉ ስም ሆነ፣ መጨረሻ ላይ መጠጡ ላይ ቀረ።)

ኡዞ ላይ ውሃ ሲጨመር ወተት ይመስላል። «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልስ ደንበኛ ገጥሞኛል። የአኒሱ ዘይት በአልኮል ይሟሟል፣ በውሃ አይሟሟም፤ ውሃ ሲበዛበት በጥቃቅን ጠብታ ይለያል፣ ብርሃኑ ይበተናል፣ ነጭ ይሆናል። ቱርኮች ለዚህ ነው ራኪን «የአንበሳ ወተት» የሚሉት። አራክን እንዴት እንደሚቀዳ ያስተማረኝ ዱባይ አብሮኝ የሚሠራ ሊባኖሳዊ ነው። አንድ እጅ አራክ፣ ሁለት እጅ ውሃ፣ በረዶ መጨረሻ ላይ። በረዶውን ካስቀደምሽ ከላዩ እንደ ቅባት ያለ ነገር ይሠራል። ለሚቀጥለው ዙር ደግሞ ብርጭቆ ትቀይሪያለሽ፣ በዚያው ላይ አይደገምም። ራኪና ኡዞም ቢሆኑ ከሚበላ ነገር ጋር፣ ቀስ ተብሎ፣ እየተጫወቱ ነው። እኛ ኡዞን ቆመን ግጥም የምናደርገው ነገር ግሪኮችን ያስደነግጣቸዋል።

ባይጁ የቻይኖች ነው፣ በዋናነት ከማሽላ። ማውታይ የሚባለው ታዋቂው 53 በመቶ ነው። ሽታው ኃይለኛ ነው፣ የበሰለ አናናስም የቆየ አይብም የሚመስልበት ጊዜ አለ፣ ፊትሽን እንዳታጨማድጂ። በጣም ትንሽ ብርጭቆ ነው የሚፈልገው። «ጋንቤ» ካሉ ጨልጠው ባዶውን ያሳያሉ። ሲያጋጩ ታናሹ የብርጭቆውን አፍ ከታላቁ ዝቅ ያደርጋል፣ ጠረጴዛ ላይ አንዳቸው ካንዳቸው ዝቅ ለማለት ሲሽቀዳደሙ ማየት ደስ ይላል። የኮሪያው ሶጁ ቀላል ነው፣ አሁን አሁን 16 በመቶ አካባቢ ነው፣ ለታላቅ ሲቀዳ በሁለት እጅ ነው፣ ታናሹ ሲጠጣ ፊቱን ዘወር ያደርጋል። አያቴ ቢያዩ «የጨዋ ልጅ» ይሉ ነበር። የጃፓኑን ሳኬ ከእነዚህ ጋር እንዳትደምሪው። የሩዝ መጠጥ ነው፣ ግን አልነጠረም፣ 15 በመቶ ገደማ ነው። ከአረቄው ወገን ሳይሆን ከጠላው ወገን ነው።

ኮኛክ ፈረንሳይ ውስጥ ያለ የአንድ አካባቢ ስም ነው፣ ያ አካባቢ ያላወጣው ብራንዲ ኮኛክ አይደለም። እኛ አገር ግን ቡኒ የሆነውን ሁሉ ኮኛክ ስንል ኖረናል። ቪ ኤስ ቢያንስ 2 ዓመት፣ ቪ ኤስ ኦ ፒ 4፣ ኤክስ ኦ ድሮ 6 ነበር ከ2018 ጀምሮ 10። ተኪላ ላይ የምትፈልጊው «100 በመቶ አጋቬ» የሚለውን ነው፤ አጋቬ ተኪላ የሚወጣበት ተክል ነው። እሱ ከሌለ እስከ 49 በመቶ የሚሆነው ከሌላ ስኳር ሊመጣ ይችላል፣ በነጋታው ራስ የሚፈልጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው ይላሉ፣ እኔ ግን የሚፈልጠው ብዛቱ ይመስለኛል። ብላንኮ ያልቆየ፣ ሬፖሳዶ ከ2 ወር በላይ፣ አኔሆ ከዓመት በላይ። ወርቃማ ቀለም ማታለያ ሊሆን ይችላል፣ ካራሜል ነው። ስኮትላንድም ካራሜል ይፈቀዳል፣ ስለዚህ ጠቆር ማለት አረጀ ማለት አይደለም።

ጎረቤቶቻችንን አንርሳ። ኡጋንዳዊ እንግዳ ዋራጊ ከጠየቀሽ ጂን ስጪው፣ ይቀራረባል። ስሙ ራሱ «ዋር ጂን»፣ የጦርነት ጂን፣ ከሚለው የመጣ ነው ይባላል። ደች፣ ማለትም ሆላንዳዊ፣ ከመጣ ደግሞ አንድ ጨዋታ አለው፦ ዬኔቨር የሚሉትን መጠጥ በትንሽ ብርጭቆ እስከ ከንፈሩ ሞልተሽ ከቢራ ጋር ታስቀምጪለታለሽ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ በአፉ ፉት ይላል። «ኮፕስቶት» ይሉታል፣ የራስ ምት። የኔን ማርቲኒ ሰውዬ አስታወሰኝ።

የመጨረሻው፣ «የአገርሽን አቅምሺኝ» ያለሽ። ብዙ ባልደረቦቼ ጠጅ ብቻ ነው የሚያቀርቡት፣ ጠጅ ጥሩ ነው፣ በብርሌ ሲሆን ፎቶም ያምራል። ሰውየው ውስኪ የሚያውቅ ከሆነ ግን አረቄ ነው የሚገርመው። ቤትሽ የታሸገና ፈቃድ ያለው ካገኘ ከእሱ ቅጂለት፣ ከመንደር በጀሪካን የመጣ ነገር ሆቴል ባንኮኒ ላይ እንዳታወጪ። ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬሻለሁ። በመለኪያ አድርጊው፣ ኒት፣ ውሃ ከጎኑ። ምንድን ነው ካለሽ «በብቅልና በጌሾ የተብላላ የእህል አረቄ፣ በርሜል ያላየ» በዪው። ዳግም ከሆነ ሁለቴ የወጣ መሆኑን ጨምሪለት። ስኮትላንዳዊ ከሆነ አንዴ አሽትቶ ቀና ብሎ ያይሻል፤ ፋብሪካቸው ውስጥ በርሜል ከመግባቱ በፊት የሚቀመሰውን ነጩን ያስታውሰዋል። እኔ አንዱን እንዲህ ብዬ ሰጥቼው ሁለተኛ መለኪያ አዘዘ። «ሲንግል ነው ደብል?» አልኩት። ደብል አለ፣ የልኩን።